በራዲዮ የሚመራ ሞዴል ሄሊኮፕተርን በደጋማ አካባቢ ለጀማሪ አብራሪ ማዘጋጀት

በራዲዮ የሚመራ ሞዴል ሄሊኮፕተር ብዙ ጊዜ እንደ ልጆች መጫወቻ ይቆጠራል። በእርግጥ በገበያ ላይ ከሚገኙት መካከል አነስተኞቹ ከመጫወቻነት አያልፉም። ይሁን እንጂ የክንፎቹ ዘንበልታ በበረራ ላይ የሚለዋወጥለት ትክክለኛ ሞዴል ሄሊኮፕተር በአሠራሩ ሰው ከሚያሳፍረው ሄሊኮፕተር ጋር አንድ ነው፤ የአየርን ባሕርይ፣ የኤሌክትሪክ ሞተርን፣ የቁጥጥር ሥርዓትንና የእጅ ሙያን በአንድነት የሚያስተምር መሣሪያ ነው። በዚህም ምክንያት በትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት፣ በዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎችና በግል ፍላጎታቸው በሚሠሩ ወጣቶች ዘንድ ተፈላጊ ነው።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው በተለይ በደቡብ ወሎ ዞን ደጋማ ወረዳዎች፣ ማለትም በጃማ ወረዳ ደጎሎ ከተማ፣ በቦረና ወረዳ መካነ ሰላም ከተማና በአካባቢያቸው ለሚኖሩ ዜጎች ነው። ለዚህ አካባቢ ራሱን የቻለ ማብራሪያ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከሄሊኮፕተሩ ጋር በካርቶን ውስጥ የሚመጣው መመሪያ ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የታሰበ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ደጎሎም ከዚህ ብዙ አትርቅም። መመሪያውን ቃል በቃል ተከትሎ ያስተካከለ ሰው በደጎሎ ሜዳ ላይ የሚያገኘው ከመሬት ለመነሣት የሚከብደው፣ ከተነሣ በኋላም ጭራው የማይጸና መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የብዙ ወራት ቁጠባ የወጣበት ዕቃ በመጀመሪያዋ ደቂቃ መሰበሩ ደግሞ የሚያሳዝን ነው።

አስቀድሞ ስለ ፈቃድ

ወደ ቴክኒኩ ከመግባታችን በፊት ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ አለ። በአገራችን ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ፈቃድ ሳይኖረው የመጣ ድሮን በጉምሩክ ኬላ እንደሚያዝ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በሚገባ ያውቁታል። የአገሪቱን የአየር ክልል አጠቃቀም የሚመለከተው የሲቪል አቪዬሽን አዋጅ ቁጥር 1179/2012 ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው አካል የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የራዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሞዴል ሄሊኮፕተር ካሜራ የሌለውና ከአብራሪው ዓይን የማይርቅ ቢሆንም አብራሪ ሳይሳፈርበት የሚበር መሣሪያ ነው። በመሆኑም «ይህ ድሮን አይደለም» በሚል ግምት ብቻ ገዝቶ ማምጣት አይመከርም። ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከሌላ አገር ዘመድ ልኮ ለማስመጣት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የመሣሪያውን ሞዴል፣ ክብደትና ሪሞቱ የሚሠራበትን የሞገድ ክልል (በአሁኑ ጊዜ አብዛኞቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ናቸው) በጽሑፍ ይዞ የሚመለከተውን አካል ይጠይቅ። ዕቃው በኬላ ከተያዘ በኋላ የሚደረግ ጥያቄ ዘግይቷል።

በአካባቢ ደረጃም እንዲሁ ነው። በዚህ ወቅት በደቡብ ወሎ ሰማይ ላይ የሚሰማ ያልታወቀ የሞተር ድምፅ ነዋሪውን ሊያስደነግጥና የጸጥታ አካላትን ሊያሳስብ እንደሚችል ግልጽ ነው። ፈቃድ ያገኘ ሰውም ቢሆን የሚያበርበትን ቦታና ሰዓት ለቀበሌው አስተዳደርና ለፖሊስ ቀደም ብሎ ማሳወቅ፣ ለአካባቢው ሽማግሌዎችም መንገር ይኖርበታል። ፈቃዱ እስኪገኝ ያለው ጊዜም ባክኖ የሚቀር አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደሚገለጸው አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ሄሊኮፕተሩ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ነው።

ስስ አየር ምን ያደርጋል?

የሄሊኮፕተር ክንፍ (ሮተር) የሚያነሣው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነው። የሚገፋው አየር ሲሳሳ ማንሣቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቀኑ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ደረጃ ወደ 72 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህም ማለት አንድ ሄሊኮፕተር በምጽዋ ዳርቻ በሚዞርበት ፍጥነትና በሚዘነበልበት የክንፍ ማዕዘን ልክ በደጎሎ ቢሠራ ከማንሣት ኃይሉ ከሩብ በላይ ያጣል። ይህንን ጉድለት በፍጥነት ብቻ ለማካካስ ሮተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር 18 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። አየር ላይ ቆሞ ለመቆየት የሚያስፈልገው ኃይልም በተመሳሳይ መጠን ይጨምራል፤ በዝቅተኛ ቦታ 6 ደቂቃ የሚያበር ባትሪ እዚህ 5 ደቂቃ ቢያበር ባትሪው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ነገሩ አስቸጋሪ ቢመስልም የማይቻል አይደለም። ሚያዝያ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ «ኢንጀኒዊቲ» የተባለች 1.8 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሄሊኮፕተር በማርስ ላይ አብርሯል። በዚያ ያለው አየር ከምድር አየር አንድ በመቶ ያህል ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ መፍትሔ ያደረጉት ሁለት ነገር ነበር፤ ክብደቷን እጅግ ማቅለልና 1.2 ሜትር ስፋት ያላቸውን ሮተሮቿን በደቂቃ ከ2,400 ዙር በላይ ማሽከርከር። በምድር ላይም ግንቦት 6 ቀን 1997 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ ዲዲዬ ደልሳል ሄሊኮፕተሩን በኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ አሳርፏል። የደጎሎ ደጋ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ፈተና ነው፤ የሚፈልገው ግን ያው ዘዴ ነው፤ ማቅለል፣ ትንሽ ማፍጠን፣ ትንሽ ማዘንበል።

ከዚህ የሚከተል አንድ የግዥ ምክር አለ። በነዳጅ የሚሠሩ ሞዴሎች ሞተራቸው የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ ሮተሩ ብቻ ሳይሆን ሞተሩም ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፤ ኃይሉ በከፍታ ምክንያት አይቀንስም። ለዚህ አካባቢ ጀማሪ የሚሻለው ኤሌክትሪክ ነው። ይሁንና ስስ አየር ሞተሩንና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ በእጅ ዳስሶ ሙቀታቸውን ማየት ልማድ ሊሆን ይገባል። ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ይረፍ።

የትኛውን ዓይነት መምረጥ ይገባል?

ሁለት ሮተሮች አንዱ በአንዱ ላይ ሆነው በተቃራኒ የሚዞሩባቸው ትናንሽ ሄሊኮፕተሮች በቤት ውስጥ ማንም ሊያበርራቸው ይችላል፤ ነገር ግን በደጋው ነፋስ ሜዳ ላይ አይረቡም። ሙሉ ቁጥጥር ካላቸው መካከል 450 ተብሎ የሚታወቀው መጠን፣ ማለትም የሮተሩ ስፋት 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ800 ግራም ብዙ የማይርቀው፣ ለጀማሪ ተስማሚ ነው። ከዚህ ያነሰው በነፋስ ይንገላታል፤ ከዚህ የተለቀው ሲወድቅ ኪስ ያራቁታል።

ሁለቱም ዓይነት የሚያስፈራ ነገር እንዳላቸው ግን መታወቅ አለበት። የ450 መጠን ሮተር በደቂቃ 2,400 ዙር ሲዞር የክንፉ ጫፍ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ይህ ክንፍ ዓይን ያጠፋል፤ ጣት ይቆርጣል። ሕፃናት የሞተር ድምፅ በሰሙበት አቅጣጫ ሁሉ ተሯሩጠው በሚሰበሰቡበት አካባቢ ይህ እንደ ቀላል ማስጠንቀቂያ ሊታለፍ አይገባም። ሕፃናቱን የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ሰው ሳይኖር ባትሪ አይገናኝ፤ ተመልካች ከ20 ሜትር ባነሰ ርቀት አይቁም።

ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ሥራ

ጥሩ በረራ የሚጀምረው ከጠረጴዛ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ የሞተሩን ሽቦዎች ማላቀቅ ነው፤ በማስተካከል ላይ ሳለ ሮተሩ በድንገት እንዳይነሣ። ከዚያም እያንዳንዱ ብሎን በካቻቪቴ ይፈተሻል። ብረት ከብረት የሚያያይዙ ብሎኖች ላይ የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ይደረግባቸዋል፤ ፕላስቲክ ውስጥ በሚገቡት ላይ ግን አይደረግም፤ ፕላስቲኩን ያፈርሰዋል። ኩሽኔታዎቹ በእጅ ሲዞሩ ድምፅ ሳያሰሙ መዞር አለባቸው።

ቀጥሎ ሚዛን ነው። ክንፎቹ ከሄሊኮፕተሩ አካል ጋር መስቀለኛ እንዲሆኑ አድርጎ የሮተሩን ራስ በሁለት ጣት ይዞ ማንሣት፤ አካሉ ወደ አፍንጫውም ሆነ ወደ ጭራው ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ካልሆነ ባትሪውን ወደፊት ወይም ወደኋላ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ሁለቱ ክንፎችም በክብደት እኩል መሆን አለባቸው፤ የቀለለው ላይ ጥቂት ስኮች ይለጠፍበታል። ክንፎቹን የሚይዙት ብሎኖች ልክ የሚታወቀው ሄሊኮፕተሩን በጎኑ ሲያዘነብሉት ክንፎቹ በቦታቸው ሲጸኑ፣ ሲነቀንቁት ደግሞ ሲታጠፉ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚቸኩልበት፣ ነገር ግን መቸኮል የማይገባበት ክፍል ነው። ከሮተሩ ሥር ያለው ስዋሽፕሌት የተባለው ሳህን በሦስት ሰርቮዎች (ትናንሽ አንቀሳቃሽ ሞተሮች) ተደግፎ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያዘነብላል። ክንፎቹ በአንድነት ሲዘነበሉ ሄሊኮፕተሩ ይነሣል ወይም ይወርዳል፤ ሳህኑ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ሄሊኮፕተሩ ወደዚያ ይሄዳል። የሪሞቱ ዘንግ መካከል ላይ ሲሆን የሰርቮዎቹ ክንዶች በ90 ዲግሪ መቆም፣ ሳህኑም ፍጹም ደልዳላ መሆን አለበት። ክንዱ 90 ዲግሪ ካልሆነ በመጀመሪያ ክንዱን ከጥርሱ አውጥቶ አንድ ጥርስ አዙሮ መልሶ መግጠም ይገባል፤ በሪሞቱ ቁጥር ማረም የመጨረሻው አማራጭ ነው። በዚህ ደረጃ የተተወች ጥቂት ዲግሪ በአየር ላይ «ሄሊኮፕተሩ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሸሻል» የሚል ቅሬታ ሆና ትመለሳለች።

የክንፍ ማዕዘን የሚለካው በማዕዘን መለኪያ ነው። ለጀማሪ የሚመከረው ከታች ከ2 ዲግሪ አሉታዊ ጀምሮ ከላይ እስከ 10 ዲግሪ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ ቆሞ የሚቆየው በ5 ዲግሪ ገደማ ነው። ለደጎሎና ለመካነ ሰላም ግን የዘንጉን መካከለኛ ቦታ ወደ 6 ዲግሪ ከፍ ማድረግ፣ የሮተሩንም ፍጥነት በ10 በመቶ መጨመር፣ ለምሳሌ ከ2,200 ዙር ወደ 2,400 ገደማ ማምጣት፣ ሁለቱን ጉድለቶች ተካፍሎ የሚሸፍን መካከለኛ መንገድ ነው። ሁሉን በፍጥነት ለመሸፈን መሞከር በሮተሩ ራስ ላይ የሚደርሰውን የመወርወር ኃይል 40 በመቶ ያህል ያሳድጋል፤ ሁሉን በማዕዘን ለመሸፈን መሞከርም ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ሄሊኮፕተሩም ይፈዛል። ፍጥነት የሚጨመረው የክንፉ አምራች ከፈቀደው የዙር ወሰን ሳያልፍ ነው። ሞተሩ ይህን ፍጥነት ማድረስ ካቃተው በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን ትንሿን ጥርስ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ በሚበልጥ መቀየር ይቻላል።

ለስላሳ በረራ ሌላው ምሥጢር የሮተሩ ፍጥነት አለመለዋወጡ ነው። አንዳንድ ጀማሪ የሞተሩን ኃይል ከዘንጉ ጋር ከታች እስከ ላይ እኩል እንዲጨምር አድርጎ ይተወዋል። ይህ ሲሆን ዘንጉ ጥቂት ሲገፋ ማዕዘኑም ፍጥነቱም በአንድ ላይ ይጨምራሉ፤ ሄሊኮፕተሩ ይዘላል፤ ሲመለስ ይወድቃል። የተሻለው የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ቋሚ ዙር እንዲጠብቅ ማዘዝ ነው። ይህ አገልግሎት የሌለው ከሆነ ኃይሉ እስከ ዘንጉ ግማሽ ድረስ እንዲያድግ፣ ከግማሽ በላይ ግን በዝግታ ብቻ እንዲጨምር ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ መውጣትና መውረድን የሚያዝዘው የክንፉ ማዕዘን ብቻ ይሆናል።

የመሪው ዘንግ ስሜትም መለዘብ አለበት። ሪሞቶች ሁሉ የእንቅስቃሴን ወሰን የሚቀንስ ቅንብርና በዘንጉ መካከል አካባቢ ስሜቱን የሚያለዝብ ቅንብር አላቸው። የመጀመሪያውን ወደ 65 በመቶ፣ ሁለተኛውን ከ25 እስከ 30 በመቶ አድርጎ መጀመር ጥሩ ነው። የሠለጠኑ አብራሪዎች ይህንን አይወዱትም፤ ጀማሪው ግን ሊያፍርበት አይገባም።

ጭራና ጋይሮ

የጭራዋ ትንሽ ሮተር ባትኖር አካሉ ከዋናው ሮተር በተቃራኒ ይሽከረከር ነበር። በስስ አየር እርሷም ኃይሏ ይቀንሳል፤ ዋናው ሮተር ደግሞ ከቀድሞው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። የዋናውን ፍጥነት ማሳደግ እዚህም ይጠቅማል፤ የጭራዋ ሮተር በጥርስ ወይም በቺንጋ ከዋናው ጋር የተያያዘች በመሆኗ አብራ ትፈጥናለችና።

ጭራውን የሚጠብቀው ጋይሮ ነው። ከመብረር በፊት ሊደረግ የሚገባው ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሄሊኮፕተሩን ይዘው አፍንጫውን በእጅ በፍጥነት ወደ ግራ ያዙሩት፤ የጭራ ክንፎቹ አፍንጫውን ወደ ቀኝ በሚመልሰው አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለባቸው። ወደፊት ሲያዘነብሉት ደግሞ ስዋሽፕሌቱ ወደኋላ ማዘንበል አለበት፤ ወደ ጎን ሲሆንም እንዲሁ በተቃራኒው። ከእነዚህ አንዱ ተገልብጦ ከተገኘ በምንም ዓይነት መነሣት የለበትም፤ ሄሊኮፕተሩ ከመሬት በለቀቀ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ይገለበጣል ወይም እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የመጀመሪያ ሞዴሉን የሰበረው ይህችን ፍተሻ «ኋላ አደርጋለሁ» ብሎ በማለፉ ነው።

የጋይሮው ብርታት ቁጥር በመመሪያው ከተሰጠው መካከለኛ ላይ ይጀመር። ጭራው በፍጥነት ቶሎ ቶሎ ከተወዛወዘ ቁጥሩ ይቀነስ፤ ጭራው ከያዘው አቅጣጫ እየላላ ከተንሸራተተ ይጨመር።

ሜዳ፣ ነፋስና ሰዓት

የደጋው ሰማይ በበጋ ወራት ማለዳ የረጋ ነው። ፀሐይ ሜዳውን ካሞቀች በኋላ፣ በተለይም ከሸለቆ ገደል አፋፍ አጠገብ፣ ከታች የሚነሣው አየር ነፋሱን ያናውጠዋል። ጀማሪ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ቢያበር፣ ከገደል አፋፍም ርቆ ቢሆን ይመከራል። ነፋሱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ፣ ማለትም ቀጭን ቅርንጫፍ መንቀሳቀስ ከጀመረ፣ ለዚያ ቀን ይብቃ።

የጃማ ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ጉድጓድ ነው። የማሠልጠኛ እግሮቹ በስንጥቁ ውስጥ ከተያዙ ሄሊኮፕተሩ ለመነሣት ሲሞክር ይገለበጣል። ለዚህ የተሻለ ቦታ አካባቢው ራሱ አዘጋጅቶታል፤ እርሱም አውድማ ነው። በእበት የተለቀለቀ፣ ደልዳላ፣ ድንጋይ የሌለበት አውድማ ለጀማሪ ከሚገኘው ሁሉ የተሻለ የመነሻ ሜዳ ነው። እርግጥ ነው ውቂያ ባለበት ጊዜ ማንም አይሰጥም፣ ሊጠየቅም አይገባም፤ ከውቂያ በኋላ ግን ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ገለባውን ጠርጎ፣ አቧራ እንዳይነሣ ውኃ ረጭቶ መጠቀም ይቻላል። በአቅራቢያው የታሰረ በቅሎ ወይም ፈረስ ካለ መጀመሪያ ይራቅ፤ በድንገት የሚጮኽ ሞተር እንስሳውን አስደንብሮ ሰው ሊያስጎዳ ይችላል።

የማሠልጠኛ እግር የሚባለው በሄሊኮፕተሩ መረገጫ ሥር የሚታሰር መስቀለኛ ዘንግ ነው፤ በአራቱም ጫፍ ቀላል ኳስ ይደረግበታል። በገንዘብ ቢገዛም በቀጭን ሸምበቆና በጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ በቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ክብደቱ ግን ይታሰብ፤ በዚህ ከፍታ እያንዳንዱ ግራም ዋጋ አለው።

ባትሪ

ሊፖ የሚባሉት ባትሪዎች ብርድ አይወዱም። በደጋው ማለዳ ቅዝቃዜ ኃይላቸው በድንገት ሊወርድ ስለሚችል እስከ በረራው ድረስ በጋቢ ተጠቅልለው ወይም በኪስ ውስጥ ቢቆዩ መልካም ነው። ሲሞሉ በአንድ ሴል ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለባቸውም፤ በበረራ ከ3.5 ቮልት በታች ሳይወርዱ ማረፍ ይገባል፤ ለብዙ ቀን ሲቀመጡ 3.8 ቮልት ላይ ይሁኑ። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይበርም። ኃይል መሙላት ያለበት ሰው እያየው፣ ሣር ክዳንና ፍራሽ በሌለበት፣ በሸክላ ወይም በብረት ዕቃ ላይ ነው፤ ሌሊት ሰክቶ መተኛት ቤት ያቃጥላል። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበት ጊዜ ቻርጀሩ ሲመለስ ከየት እንደሚቀጥል ማረጋገጥም የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ባትሪውን በአውሮፕላን የሚያመጣ መንገደኛ በተላላኪ ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ሻንጣ፣ ጫፎቹን ሸፍኖ መያዝ አለበት። 11.1 ቮልትና 2,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነው የ450 ባትሪ 24 ዋት ሰዓት ገደማ በመሆኑ አየር መንገዶች ከሚፈቅዱት የ100 ዋት ሰዓት ወሰን በታች ነው።

የመጀመሪያው መነሣት

ኮምፒውተር ማግኘት የሚችል ሰው አስቀድሞ በሲሙሌተር ቢለማመድ ከሁሉ ይሻላል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ካምፓስ ተማሪ ለሆነ ሰው ይህ የሚከብድ አይሆንም። በሲሙሌተር አሥር ጊዜ መውደቅ ዋጋው ዜሮ ነው።

በሜዳው ላይ ሪሞቱ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይበራል፣ መጨረሻ ይጠፋል። ምልክት ሲቋረጥ ሞተሩ እንዲቆም መቀናበሩ፣ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋው ማብሪያም የት እንዳለ ጣት በጭለማ የሚያውቀው መሆኑ ይረጋገጥ። አብራሪው ከሄሊኮፕተሩ በስተኋላ፣ ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ጭራው ወደ እርሱ ይሁን፤ ያኔ የራሱ ግራ የሄሊኮፕተሩም ግራ ነው።

ከመነሣት በፊት ክንፎቹ በአንድ መስመር መዞራቸው ይታያል። በአንዱ ክንፍ ጫፍ ላይ ቀይ ስኮች ተለጥፎ፣ ሮተሩ ሲዞር ከሩቅ በጎን ሲታይ ሁለት መስመር ከታየ አንደኛው ክንፍ ከፍ ብሎ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሮተሩ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ የዚያን ክንፍ ማያያዣ ግማሽ ዙር ማስተካከል ይበቃል። ይህ ካልተስተካከለ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጋይሮውም መንቀጥቀጡን እንደ እንቅስቃሴ ቆጥሮ ይሳሳታል።

ከዚያም ዘንጉ በዝግታ ይገፋል። ሄሊኮፕተሩ በእግሮቹ ላይ ሲቀልል ወደ ግራ መንሸራተት ይጀምራል። ይህ ጉድለት አይደለም። አብዛኞቹ ሞዴሎች ሮተራቸው ከላይ ሲታይ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ስለሚዞር የጭራው ሮተር አካሉን ወደ ግራ ይገፋል፤ ጥቂት ወደ ቀኝ ማዘንበል ያቆመዋል። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ ደንግጠው ከመሬት በጣት ስፋት ከፍታ ላይ መታገል ይመርጣሉ። ከመሬት በሮተሩ ስፋት ያህል፣ ማለትም ከ70 ሴንቲ ሜትር በታች ግን ወደ ታች የተገፋው አየር ከመሬት ነጥሮ ስለሚመለስ ሄሊኮፕተሩ እንደ ባሕር ላይ ጀልባ ይንገዋለላል። ከዚያ በላይ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ የበለጠ ይረጋጋል። ድፍረት የሚጠይቀው ያችን የመጀመሪያ ሜትር ማለፍ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ጭራን ወደ አብራሪው አድርጎ መቆየት። በመቆጣጠር ላይ ሳሉ ጣት ብዙ መንቀሳቀስ የለበትም፤ እርማቱ ትንሽና ፈጣን፣ ወዲያውም የሚመለስ መሆን አለበት። ሄሊኮፕተሩ ከአብራሪው ፈቃድ ከወጣ ሰው ወዳለበት አቅጣጫ ይዞት እንዳይሄድ ሞተሩን ማጥፋት፣ መሣሪያው ቢሰበርም እንኳ፣ ትክክለኛው ውሳኔ ነው። ባትሪው ሳያልቅ፣ ሰዓት ተለክቶ በአራተኛው ደቂቃ ይረፍ፤ ሮተሩ መዞሩን ሙሉ በሙሉ እስኪያቆም ድረስም ማንም አይቅረብ።